የተፋታው ሶፋ

ድንክዬ ቁመቷን የምትበደረው ከሳጥን ነው። ስቱዲዮው ውስጥ ያለው የካሜራ መቆሚያ ለረጃጅም ሰዎች ብቻ ተብሎ የተሠራ ይመስላል፤ ዝቅ የሚያደርገው ብሎን ደግሞ ከዛገ ቆይቷል። ስለዚህ የለስላሳ ሳጥን ትገለብጥና ላዩ ላይ ትወጣለች፤ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ በሌላው ዓለምን ትለካለች። ጆሮ የሚሉት የድምፅ ባለሙያ አንድ ቀን፣ "ድንክዬ፣ አንቺ እኮ ሳጥን ላይ ስትወጪ ነው የምታምሪው" ቢላት፣ "አንተ ደግሞ ሳጥን ውስጥ ስትገባ ታምር ይሆናል" አለችው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሳጥን ያነሳባት የለም።

ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው ከመምጣቷ በፊት ፎቶ ቤት ትሠራ ነበር። ሥራዋ ጉርድ ፎቶ ማንሳት ነው፦ አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዘና፣ ዓይን ወደዚህ። አንድ ነገር የገባት እዚያ ነው። ሰው "ካሜራውን እይ" ሲሉት ይደበቃል፤ ፊቱ እንደ ተዘጋ ሱቅ ይሆናል። ሌላ የሚያየው ነገር ሲሰጡት ግን ሳያውቀው ብቅ ይላል። ስለዚህ ደንበኞቿን፣ "ካሜራውን ይተዉት፤ ከጀርባዬ ያለችውን ሚስማር ይዩ፤ ከሩቅ አገር የመጣች እህትዎ ናት" ትላቸው ጀመር። እንዴት ያለ ነገር ነው! ሰዎቹ የዛገች ሚስማር እያዩ ዓይናቸው ይርሳል፣ ግንባራቸው ይፈታል፣ ለዓመታት የት እንደ ነበረ የማይታወቅ ውበታቸው ተመልሶ ይመጣል። ያልተደሰተው የፎቶ ቤቱ ባለቤት ብቻ ነው። "ልጄ፣ ይሄ ለመታወቂያ ነው" ይላታል ፎቶዎቹን በጥፍሩ መታ መታ እያደረገ። "መታወቂያ ላይ ሰው እንደዚህ አያምርም። ፖሊስ ቢያየው የራሱ ነው ብሎ አያምንም።"

አንድ ቀን ጉርድ ሊነሳ የመጣ ቀጭን ሰውዬ ሚስማሯን አይቶ ሳቀ፤ ፎቶውን ሲያይ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የቴሌቪዥን ድራማ ዳይሬክተር ነበር። "በሚስማር ሰው የምታስለቅሺ ከሆነ" አላት፣ "እኔ ጋ ማልቀስ ያቃታቸው ተዋንያን ሞልተዋል። ነይ።" ሄደች። እስከ ዛሬ አለቃ እያለች የምትጠራው እሱን ነው።

ስቱዲዮው ከውጭ ሲያዩት መጋዘን ነው፤ ከውስጥ ግን አንድ ሙሉ ሳሎን አለው። ሶፋ፣ ጠረጴዛ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ መጋረጃ ያለው መስኮት። ከመስኮቱ ወዲያ በቀለም የተቀባ ሰማይ ተሰቅሏል፤ ፀሐይዋ የምትወጣው በማብሪያ ማጥፊያ ነው። ጣሪያ የሚባል ነገር የለም። አራተኛው ግድግዳም የለም፤ እሱ መቆም በነበረበት ቦታ ላይ ድንክዬ ቆማለች።

ለድንክዬ ሥራው ሁሉ የርቀት ጉዳይ ነው። ሰፊ ብለው የሚጠሩት ምስል ሰውየው የት እንዳለ ይነግራል፤ መካከለኛው ምን እየሠራ እንደሆነ። ቅርቡ ደግሞ፣ ከአገጭ እስከ ግንባር ስክሪኑን የሚሞላው፣ ሰውየው ሊናገረው ያልፈለገውን ያወጣበታል። ይህ ልማድ ቤቷ ድረስ ይከተላታል። ገበታ ላይ ጣቶቿን እንደ መስኮት ገጥማ እናቷን ታያለች።

"እማ፣ አሁን ሰፊ ነሽ።"

"ሰፊ አክስትሽ! በልተሽ ተነሺ።"

ከሁሉ በላይ የምታከብረው ግን መስመሩን ነው። ሁለት ሰዎች ተያይተው ሲነጋገሩ፣ ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ዓይን የማይታይ መስመር ተዘርግቷል። ካሜራ ከዚያ መስመር በአንድ ወገን ብቻ መቆም አለበት። ያኔ ግራ ያለው ወደ ቀኝ፣ ቀኝ ያለው ወደ ግራ ያያል፤ ተመልካቹም ቤቱ ቁጭ ብሎ "ተያዩ" ይላል። ካሜራው መስመሩን ተሻግሮ አንዱን ከወዲያ ማዶ ቢያነሳው ግን ጉድ ይፈላል፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሰዎች ስክሪኑ ላይ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ፣ አንዱ ለሌላው ጀርባውን የሰጠ ይመስላል። በዓለም ላይ ይህን ያህል ቀጭን ሆኖ ይህን ያህል ሰው የሚያጣላ ነገር ድንክዬ አታውቅም። ወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፋ፣ የተሻገረውን ሁሉ፣ ወለል ጠራጊውን እንኳ ሳይቀር፣ "መስመር!" ብላ ታስደነግጣለች።

በዚህ ሳሎን ውስጥ የሚኖሩት ባልና ሚስት ናቸው። ተዋንያን ናቸው፤ እሱ ቤቱ ሌላ ሚስት አለችው፣ እሷም ሌላ ባል አላት፤ ግን ድራማው ረጅም ዕድሜ ስላስቆጠረ ጥበቃው ጭምር ባልና ሚስት ነው የሚላቸው። የሚፋቀሩበት መንገድ ልብ ይሰርቃል። እሷ ስትናገር እሱ ዝም ብሎ ያያታል፤ ያ አስተያየት አገር አነጋግሯል። የድንክዬ እናት ድራማው ሲጀምር ጎረቤት አታስገባም፤ ስልክ አታነሳም። ድንክዬ ከጀርባ ስላለው ነገር ትንፍሽ ልትል ከቃጣች፣ "ዝም በይ፣ አታበላሽብኝ! አንቺ እዚያ ስለዋልሽ ከኔ በላይ ታውቂያቸዋለሽ?" ትላታለች።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ባል ሁለቱም ደርሶበታል። አንድ ቀን ሬዲዮ ላይ ቀርቦ ጋዜጠኛዋ፣ "እሷን ያን ያህል በፍቅር የሚያዩት እንዴት ነው?" ብላ ጠየቀችው። ባል ጉሮሮውን ጠረገ። "ሙያ ነው" አለ። "ድንጋይ ቢያስቀምጡልኝም በፍቅር አየዋለሁ።"

በማግስቱ ሚስት ስቱዲዮው መሃል ቦርሳዋን እንዳነገበች ቆማ ጠበቀችው።

"ድንጋይ ቢያስቀምጡልኝም ያልከው አንተ ነህ?"

"ኧረ ለጨዋታ ነው! ሬዲዮ ላይ እኮ የሆነ ነገር መባል አለበት።"

"እንግዲህ ድንጋይህን ያስቀምጡልህ።"

ወጣች። አለቃ ተከትሏት ሮጠ፤ ለመናት፣ ማለላት፣ እግሯ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ሚስት ወይ ፍንክች! "ሥራዬን አልተውም፤ ግን እሱ ባለበት ክፍል አልገባም" አለች። ባል በበኩሉ፣ "ይቅርታ ብል ሙያ የለኝም ማለት ይሆንብኛል" ብሎ ኮራ። ሁለቱም በዕድሜ የበሰሉ፣ ሁለቱም እንደ አራስ የሚያኮርፉ ነበሩ።

"አለቃ" አለች ድንክዬ ከሳጥኗ ላይ፣ "ለየብቻ ሚስማር እናስቀምጥላቸው።"

በዚህ ነው የተጀመረው። ጠዋት ጠዋት ሚስት መጥታ በሶፋው ቀኝ ጫፍ ትቀመጣለች፤ የራሷን ቃል ብቻ ትናገራለች፣ ትሄዳለች። ከሰዓት ባል ይመጣና በግራው ጫፍ ተቀምጦ የራሱን ይናገራል። ኋላ ሁለቱ ተቆራርጠው ይቀጠላሉ። ሚስማር ግን ትንሽ ሆነችና ዓይናቸው ይንከራተት ጀመር፤ ስለዚህ ለሚስት የካፖርት መስቀያ ቆመላት፣ ለባል ደግሞ ቁመቱ ከሚስት ዓይን ጋር እኩል የሆነ መወልወያ ተገልብጦ ቆመለት፤ ነጭ ክሩ እንደ ፀጉር ወዲያና ወዲህ የወረደ።

"መስቀያው ይሻለኛል" ትላለች ሚስት ዱቄቷን እየተቀባች። "ካፖርት ሲሰጡት ይቀበላል እንጂ ሬዲዮ ላይ ሄዶ አያወራም።"

ባል ደግሞ ቀስ በቀስ መወልወያዋን ለመደ። ሲገባ "ደህና ዋልሽ?" ይላታል። አንድ ቀን ጆሮ ወለል ሊያፀዳባት ቢያነሳት፣ "ተው እንጂ! በኋላ ረጥባ እንዴት አያታለሁ?" ብሎ ተቆጣ።

ስክሪኑ ላይ ግን፣ አቤት! ድንክዬ ራሷ በሠራችው ትደነግጣለች። ሁለት ለየብቻ የተነሱ ፊቶች፣ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ ስላየ ብቻ፣ መሃላቸው ፍቅር ይፈጠራል። እጅ ለእጅ መያያዝ ሲያስፈልግ ለሚስት የሜካፕ ባለሙያዋ እጅ፣ ለባል የጆሮ እጅ ተቀርጾ ይገባል፤ ጆሮ ለዚህ ክብር ሲል ጥፍሩን መቁረጥ ጀመረ። ቅጥያው ሸካራ ሲሆንባቸው ደግሞ የግድግዳውን ሰዓት አንድ አፍታ ያስገባሉ። የሚያስቀው ሰዓቷ ነው! ከኀዘን ቀጥላ ስትገባ ያዘነች፣ ከቀጠሮ ቀጥላ ስትገባ የናፈቀች ትመስላለች፤ እሷ እቴ ሰዓት ከመቁጠር በቀር ያደረገችው የለም። የድንክዬ እናት በጆሮ እጅና በዚያች ሰዓት ስታለቅስ መሐረብ አይበቃትም።

"እንዲህ ያለ እጅ ያለው ባል ነበር ለአንቺ" ትላለች። ድንክዬ ውሃ ለመጠጣት ወደ ጓዳ ትሮጣለች።

ይህ ሁሉ እንዲሁ ይኖር ነበር፣ የጣቢያው ኃላፊ አንድ ሐሳብ ባያመጣ። ኃላፊው ስለ መወልወያዋ አያውቅም። ቢሮው ሌላ ሕንፃ ላይ ነው፤ ድራማውን እንደ ማንኛውም ሰው ቤቱ ነው የሚያየው፤ እንደ ማንኛውም ሰውም ያምናል። አለቃንና ድንክዬን አስጠርቶ ፈገግ እያለ፣ "እሑድ ከሰዓት፣ ቀጥታ ስርጭት። ባልና ሚስት ከሳሎናቸው ሆነው የተመልካች ስልክ ይቀበላሉ" አላቸው።

"በቀጥታ?" አለ አለቃ።

"በቀጥታ። የሕዝቡን ፍቅር በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ፤ እኔም ከአንተ ጎን እቀመጣለሁ። ከተሳካ ድራማው ይቀጥላል። ካልተሳካ ደግሞ ስቱዲዮውን የስብሰባ ዘገባ ክፍል ሲለምነኝ ከርሟል፤ ለእነሱ እሰጣለሁ። አንቺም" አለ ወደ ድንክዬ ዞሮ፣ "እነሱ ጋ ሰው ጎድሏል።"

ድንክዬ ስብሰባ መቅረጽ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ በውሰት ሄዳ አይታዋለች። የሚያጨበጭብ እጅ፣ የሚያንቀላፋ አዛውንት፣ ንግግር፣ ከዚያ እንደገና የሚያጨበጭብ እጅ። ማንም ማንንም በፍቅር አያይም። ዓይኗን ለመወልወያ ያዋለችው ለዚህ አልነበረም። ይህ ሳሎን፣ ይህ የሐሰት ሰማይ፣ በዓለም ላይ የሷ የምትለው ብቸኛ ቦታ ነው።

ባልና ሚስት ተለመኑ። ሚስት፣ "በአንድ ሶፋ? ሶፋው ይቁረጠኝ!" አለች።

"ለምን እኛ ሶፋውን አንቆርጠውም?" አለች ድንክዬ።

ቆረጡት። አናጢው መጋዙን ይዞ ሲመጣ ሶፋውን ዞሮ ዞሮ አየና፣ "የስንቱን ቤት ዕቃ ገጥሜያለሁ፤ ሳፋታ ግን የመጀመሪያዬ ነው" ብሎ ጀመረ። ግማሹ ሶፋ በስቱዲዮው በአንዱ ጥግ፣ ግማሹ በሌላው ጥግ ተቀመጠ፤ መሃል ላይ ከላይ እስከ ታች መጋረጃ ተጋረደ። ግድግዳው ሁለቱም ጋ አንድ ዓይነት ቀለም ተቀባ። ሚስት እንደ ሐውልት ስለምትቀመጥ የሷ ካሜራ ያለ ሰው በመቆሚያው ታስሮ ይቀራል፤ ባል ስለሚቁነጠነጥ ድንክዬ ከሱ ጋ ትሆናለች። አለቃ ላይኛው ክፍል ሆኖ፣ አንዴ የሷን አንዴ የሱን ምስል ይለቃል፤ ሲያሻው ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ጎን ለጎን ያሳያቸዋል፣ እሱን በግራ እሷን በቀኝ። ሁለቱም በየጥጋቸው የሚተላለፈውን የሚያዩበት ትንሽ ስክሪን ተደረገላቸው። ሁሉም ነገር ተፈተነ፤ ሁሉም ነገር ያምራል።

እሑድ ባል መጣ፤ መሐረብ ቀኝ ጉንጩ ላይ ለጥፎ። ሲያነሳው ድንክዬ ሳጥኗ ላይ ልትንገዳገድ ምንም አልቀራት። ጉንጩ ሎሚ የጎረሰ ይመስላል።

"ጋሼ! ምን ሆነው ነው?"

"ጥርሴን ተነቅዬ ነው፤ ዛሬ ጠዋት" አለ በግማሽ አፉ። "ልጄ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እንደዚህ አይየኝ። በግራ ጉንጬ በኩል አንሺኝ። እባክሽ።"

ድንክዬ አሰበች። ባል ወደ መወልወያዋ ሲያይ ለካሜራው የሚታየው ያው ያበጠው ነው። ግራውን ለማግኘት ካሜራውን ይዞ ወደ ወዲያ ወገን መዞር ነው። መቆሚያውን ተሸከመች፣ ዞረች፣ ሳጥኗን ጎትታ አስገባች። በመመልከቻው ስታየው ጉንጩ ደህና፣ ዓይኑ ደህና፣ ከበስተጀርባው መስኮትና ሰማይ። "ተዋቡ ጋሼ!" አለችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ነው። ነጩ ፕላስተር ከድሮው ሶፋ ፊት ለፊት ቀርቷል፤ በመጋረጃ በተለያዩ ሁለት ጥጎች መካከል መስመር አለ ብሎ ማን ያስባል? ስንቱን "መስመር!" ስትል የኖረችው ድንክዬ፣ ካሜራዋን ተሸክማ፣ እየዘፈነች፣ ተሻገረችው። አለቃም ከጎኑ ኃላፊው ስለ ተቀመጠበት ከምስሉ ይልቅ የኃላፊውን ፊት ነበር የሚያየው።

"በአየር ላይ ነን" አለ አለቃ በጆሮ ማዳመጫዋ።

መጀመሪያ ሚስት ብቻዋን ታየች። ለመስቀያው ፈገግ ብላ፣ "እንኳን ደህና መጣችሁ" አለች። ቀጥሎ ባል ብቻውን። ለመወልወያዋ ዓይኑን አርሶ፣ "ቤታችን ቤታችሁ ነው" አለ። ኃላፊው ሲተነፍስ በማዳመጫው ተሰማ። ከዚያ አለቃ ስክሪኑን ለሁለት ከፈለው።

የመጀመሪያው ስልክ ወዲያው ጮኸ። የአንዲት ሴትዮ ድምፅ በስቱዲዮው ማጉያ ተሰማ።

"ጋሼ፣ ምን አድርጋዎት ነው?"

"እ?" አለ ባል።

"ጀርባዎን የሰጧት! እሷ እንዲህ በፍቅር እያየችዎት!"

ድንክዬ ዓይኗን ከመመልከቻው አነሳችና ትንሿን ስክሪን አየች። በቀኝ በኩል ሚስት ወደ ግራ፣ ወደ ባሏ ታያለች። በግራ በኩል ባልም ወደ ግራ፣ ከሷ ፊቱን አዙሮ፣ ከስክሪኑ ውጭ ወዳለ አንድ ነገር፣ ያን አገር ያነጋገረ አስተያየት እያፈሰሰ ነው።

"መስመሩ" አለች በሹክሹክታ። "ወይኔ መስመሩ!"

ሌላ ስልክ። የጎልማሳ ድምፅ። "ይቅርታ፣ እዚያ ጋ ማን አለ? ሰውየው የሚያያት ማን ናት?"

ሚስትም ይህን ሁሉ በራሷ ትንሽ ስክሪን እያየች ነበር። ነገር በዓይን ይገባል። መጀመሪያ ፈገግታዋ ጠፋ፤ ከዚያ አፍንጫዋ ተነፋ። በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በቀጥታ፣ ጀርባውን ሰጣት! ተነሳች። የሷ ካሜራ የሚያነሳው ባዶ ግማሽ ሶፋ ሆነ። የጫማዋ ተረከዝ ወለሉን ኳ ኳ እያደረገ፣ መጋረጃው ተገለጠ።

"ድንክዬ!" አለ አለቃ በማዳመጫው። "እሱ ላይ ብቻ! ጥበቢ! ፊቱን ሙይ፤ ሌላ ምንም እንዳይታይ!"

ትክክል ነበር። ከጠበበች የሚታየው የባል የደነገጠ ፊት ብቻ ነው፤ ሙዚቃ ይለቀቃል፣ ማስታወቂያ እስኪዘጋጅ ድረስ ሁሉም ነገር ይሸፈናል። ከሰፋች ግን የተቆረጠው ሶፋ፣ መጋረጃው፣ መወልወያዋ፣ ሁሉም ይጋለጣል፤ ኃላፊው አለቃ አጠገብ ተቀምጧል። የስብሰባ ጭብጨባ ጆሮዋ ላይ አስተጋባ። ግን በመመልከቻው ጠርዝ የሚስት ትከሻ ብቅ ሲል፣ ድንክዬ ከስንት ጊዜ ወዲህ ያላየችውን ነገር አየች፦ ባል ዓይኑን ከመወልወያዋ አነሳ። እውነተኛ ሰው ሲያይ ዓይን ምን እንደሚሆን ረስታው ነበር። ሚስማርም መወልወያም ያን አያመጡም። እጇ ከራሷ ቀደመ፤ አሰፋችው።

"አንቺ ልጅ!" አለ አለቃ። ግን ከባዶው ሶፋ በቀር የሚለቀው ሌላ ምስል አልነበረውም።

ሚስት መወልወያዋን ከነመቆሚያዋ ያዘቻት። አነሳቻት። ነጭ ፀጉሯን ይዛ ወደ ባል ነቀነቀቻት፤ አገር ሁሉ አየ።

"ይቺ ናት?"

"ኧረ በፈጠረሽ..."

"ለዚህች ነው ጀርባህን የሰጠኸኝ? ድንጋይ ሲሉህ መወልወያ መረጥህ?"

"እኔ መረጥሁ? ያስቀመጡልኝ ናት!"

"ድንጋይም ቢያስቀምጡልኝ አላልክም?"

ባል ተነሳ። ተቆጣ። ምናልባት የማደንዘዣው መርፌ ገና አልለቀቀው ይሆናል፣ ምናልባትም ኩራቱ ከጥርሱ ጋር ተነቅሎ ሄዷል። "ብያለሁ! ዋሸሁ! ይኸው ከዚህች ጋር ስንት ጊዜዬ! ደህና ዋልሽ እላታለሁ፣ አትመልስ። እወድሻለሁ እላታለሁ፣ ክሯ አይነቃነቅ። አንቺ እኮ ቢያንስ ትሳደቢያለሽ!" ይህን ሲል ሙሉ በሙሉ ወደሷ ዞረ፤ ያበጠው ጉንጩም ወደ ካሜራው።

መወልወያዋ ከሚስት እጅ ወደቀች።

"ጉንጭህን ምን ሆንክ?"

"ጥርስ ነው።"

"መቼ?"

"ጠዋት ተነቀልኩ።"

"ታዲያ ጥርስህን ተነቅለህ ለምን መጣህ አንተ ሞኝ?"

"አንቺ ትመጫለሽ አሉኝ።"

ድንክዬ ቀረብ አደረገች፤ ብዙ አይደለም፤ ሁለቱም እስኪበቁ ድረስ። ሚስት እጇን ዘረጋች፤ የሜካፕ ባለሙያዋን እጅ ሳይሆን የራሷን፣ ጠባሳ ያለበትን፣ ስክሪን ላይ ታይቶ የማያውቀውን። በጀርባው ያበጠውን ጉንጭ ነካ አደረገችው። "ትኩስ ነው" አለች። "ተቀመጥ።" ግማሽ ሶፋ ለአንድ ሰው ተኩል ነው የሚበቃው፤ ተጣበው ተቀመጡ። ጆሮ የድምፅ መቅጃውን እንደያዘ አፍንጫውን ይጠርግ ጀመር፤ ስርጭቱ ላይ ተሰማ፤ ማንም ግድ አልሰጠውም።

ከላይ በማዳመጫው የኃላፊው ድምፅ መጣ።

"ይህን ማን ነው የጻፈው?"

"እንትን... በቡድን ነው" አለ አለቃ።

"መወልወያዋ ምንድን ናት? ምሳሌ ናት?"

"ምሳሌ ናት" አለ አለቃ ፈጥኖ።

"ጠርጥሬያለሁ" አለ ኃላፊው። "ሶፋውም ለዚያ ነው የተቆረጠው። ትልቅ ሐሳብ ነው። ይቀጥል።"

ስልኩ እስኪግል ጮኸ። አንዱ አልቅሶ አመሰገነ፤ አንዷ ለጥርስ እብጠት ሞቅ ያለ የጨው ውሃ መከረች፤ አንድ አዛውንት ደግሞ በጣም ተጨንቀው፣ ወደፊት የመወልወያዋ ድርሻ ይቀጥል እንደሆነ ጠየቁ። ድንክዬ ቤቷ ስትገባ እናቷ ክንዷን አጣጥፋ ጠበቀቻት። ሁሉን አይታለች፤ ሁሉንም አስልታለች።

"ያ እጅ የማን ነበር?"

"የትኛው እጅ፣ እማ?"

"ያለቀስኩበት እጅ!"

"የጆሮ።"

እናትዬዋ ያጣጠፈችውን ክንዷን ፈታች። "አግብቷል?" አለች።

በቀጣዩ ሳምንት አናጢው ሶፋውን መልሶ ገጠመው። በሽማግሌ ያስታረቀ ያህል እየኮራ ሄደ። መጋረጃው ወረደ፤ መስቀያው ወደ በሩ ተመለሰ። ባልና ሚስት አንድ ላይ ገቡ፣ አንድ ላይ ተቀመጡ። ስቱዲዮው በደስታ ትንፋሹን ሊለቅ ሲል፣

"ወደዚያ ጠጋ በል" አለች ሚስት።

"ሰውነትሽን ሰብስቢው እንጂ እኔ ወዴት ልጠጋ?"

"ሰውነቴን? ይሄን ደግሞ የትኛው ሬዲዮ ላይ ልትናገረው ነው?"

"መጀመሩ ነው! መወልወያዋ እንኳ ዝም ትል ነበር!"

አለቃ ራሱን ይዞ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሚስት ግን ቀሚሷን አስተካክላ፣ ረጋ ብላ ወደ ድንክዬ ዞረች።

"ልጄ፣ በሰፊው ነው በቅርብ ነው የምታነሺን?"

"እትዬ፣ ይሄኛው ትዕይንት የፍቅር ነው። በቅርብ ነው፤ ከደረት በላይ።"

"እግራችን አይታይም?"

"አይታይም።"

"ጥሩ" አለች ሚስት፣ ሹል ተረከዟን በባል ጫማ ላይ እያሳረፈች። "አንሺ።"

"ፀጥታ!" አለ አለቃ። ድንክዬ ተጠጋች፣ የባልን ፊት ከአገጭ እስከ ግንባር ሞላችው። ባል የሚስቱን ዓይን አየ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ግንባሩ ላይ ላብ ብቅ አለ፤ በሁለት ዓይኖቹ ላይ እንባ ቀስ ብሎ ሞላ፣ አልወርድም ብሎ ተንጠለጠለ።

"እወድሻለሁ" አለ፤ ድምፁ ከሆነ ጥልቅ ቦታ ተጎትቶ የወጣ ነበር።

አገር አለቀሰ። በሚቀጥለው ቀን የወጣ አንድ ጋዜጣም፣ እንዲህ ያለ ከልብ የመነጨ ትወና በቴሌቪዥን ታይቶ እንደማያውቅ ጻፈ።